ያልተዘጋው ዱዓ

መኪናዋ የአቀስታን ገበያ ወደ ኋላ ትታ ዳገቱን ስትያያዘው፣ ዓባይነሽ የቤቷን ቁልፍ በሻርፗ ጫፍ ቋጥራ ይዛ ነበር። የኋላ ወንበር ላይ ብቻዋን ናት። ሹፌሩ ይሄነው ከፊት ሆኖ በመስተዋቱ ደጋግሞ ያያታል። ጉሙ ገና ከገብሱ ማሳ ላይ አልተነሳም። ብርዱ የወንድሟን የሐጂ አበጋዝን ያን የመሰለ መኪና እንኳ አልፎ እግሯ ድረስ ይገባል።

"እትዬ፣ ማሞቂያውን ልክፈተው?"

"ተወው ልጄ፣ ለምጄዋለሁ።"

ያን ሰሞን ከደሴ እስከ መካነ ሰላም ሰው የሚያወራው አንድ ወሬ ነበር። ሐጂ አበጋዝ "በስሜ ያለውን ሁሉ ለበጎ ሥራ ሰጥቻለሁ" ብሎ በሬዲዮ ቃል ገብቷል። የኮምቦልቻው የዱቄት ፋብሪካ፣ የደሴው ፎቅ፣ የጭነት መኪኖቹ፣ የሚኖርበት የመካነ ሰላሙ ግቢ ሳይቀር ለሆስፒታል ሊውል ነው። ወሎ ሰጪ አጥቶ አያውቅም፤ ለራሱ ሳያስቀር የሰጠ ሀብታም ግን አላየም። ስለዚህ አገሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ መረቀ፣ ግማሹ ምክንያት ፈለገ። ግብር ሸሽቶ ነው ያለ አለ፤ ልጆቹን ተቀይሞ ነው ያለ አለ፤ ሐኪም ቀን ቆርጦለት ነው ያለም አለ። በየስልኩ ላይ ፎቶውን ለጥፈው የሚሰድቡት የሚያመሰግኑትን ያህል ነበሩ። ሰንበት ሲል ደግሞ ሰዳቢውም አመስጋኙም አንድ ላይ መጥቶ የግቢው በር ላይ ችግሩን ይዞ ይሰለፍ ጀመር።

ዓባይነሽ ወሬውን እንደማንኛውም ሰው ከሬዲዮ ሰማች፤ ደስም አላት። የቀረውን የሰማችው ግን ከትናንት በስቲያ፣ ሁለት ወጣቶች ሜትር ይዘው ቤቷ ሲመጡ ነው። ጨዋ ልጆች ነበሩ። ጫማቸውን አውልቀው ሳሎኑን ለኩ፣ ጓዳውን ለኩ፣ ወጥተው በአጥሩ ጥግና በበሩ አጠገብ ችካል ተከሉ። አሬራ ሰጠቻቸው፤ ጠጡ። ከዚያ አንደኛው አፉን በእጁ ጠርጎ፣ "እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ቤቱ የእናቶች ማቆያ ሊሆን ነው፤ ከገጠር የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ ያርፉበታል" አላት። እሷም "እንኳን አብሮ ደስ አለን" አለች። ሌላ ምን ይባላል? ከሸኘቻቸው በኋላ ብርጭቆዎቹን አጥባ አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና እስኪመሽ ግድግዳውን ስታይ ቆየች።

ቤቱ በእርግጥ በአበጋዝ ስም ነው። በስሙ የሆነው እሷ ጅዳ ስለነበረች ነው። ወጣትነቷን በሰው ወጥ ቤት የጨረሰች፣ የሰው ልጅ አሳድጋ የራሷን ሳትወልድ የተመለሰች ሴት ናት። ያገኘችውን ሁሉ ለታናሽ ወንድሟ ትልክ ነበር፤ "አማና ነው፣ አደራ፤ ስመጣ የምገባበት ጎጆ ሥራልኝ" እያለች። የአገሩ ልማድ እንዲህ ነው። አረብ አገር ያለች ሴት ብሯን ለወንድሟ ትልካለች፣ ወንድም ቦታ ይመራል፣ ካርታው በእሱ ስም ይወጣል፤ ወንድምን ወረቀት አምጣ ማለት ደግሞ ነውር ነው። አበጋዝም አልበላትም። ብሯን አጅባር ወስዶ እህል ነገደበት፣ ከእህሉ መኪና ገዛ፣ ከመኪናው ፎቅ ሠራ። ለእሷም ቤቷን ሠርቶ፣ የተመለሰች ዕለት ቁልፉን በእጇ አስቀመጠላት። ካርታውን ጠይቃው አታውቅም፤ እሱም አንስቶባት አያውቅም።

አምባውን ጨርሰው መንገድ ዳር ወዳለች አንዲት ትንሽ ከተማ ሲገቡ፣ ሰዉ መኪናዋን አውቆ መንገዱን ሞላው። ይሄነው ፍሬን ያዘ። አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ እጃቸውን በመስኮቱ አስገቡ።

"አሰላሙ አለይኩም! ሐጂ ናቸው?"

"ወአለይኩም ሰላም። እኔ እህቱ ነኝ፣ አባቴ።"

"እህታቸው! አንቱን የወለደ ማሕፀን ጀነት ይግባ። ቤቴን ንፋስ ገልቦብኛል፤ ቆርቆሮ፣ ጥቂት ቆርቆሮ ብቻ፣ ለሐጂ ንገሩልኝ።"

"እኔ የምሰጠው የለኝም።"

ሽማግሌው ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው። "የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው አሉ! አንቱ ከሌለዎት ማን ሊኖረው ነው?"

ከሻይ ቤቱ ጥላ ሥር ቆቡን ግንባሩ ላይ የደፋ ሰውዬ ሳይነሳ ጮኸ። "ተዋቸው እባክህ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ስንቱ ቃል ገብቶልን ስንቱ ወዴት ገባ!"

ሰዉ ሳቀ፣ አንዳንዱ ገሠጸው፤ መኪናዋም በመሀል ሾልካ ወጣች።

"ይቺም ተሰጥታለች እኮ እትዬ" አለ ይሄነው መሪውን በመዳፉ መታ አድርጎ። "ከነገ ጀምሮ የሆስፒታሉ ናት። እኔ ከነመኪናዋ ልሰጥ አልሰጥ ግን የነገረኝ የለም።"

ዓባይነሽ ከትናንት በስቲያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም።

"እርስዎስ የት ሊሆኑ ነው?"

"ማን ጠይቆኝ?"

"ለሐጂ ለምን አይነግሯቸውም?"

"ምን ብዬ? ነፍሰ ጡሮቹን ከቤቴ አስወጣልኝ ልበል?"

ዓባይነሽ የምትለውን ታውቃለች። ጎረቤቷ ወርቂቱ አምና ክረምት የልጇን ሚስት በቃሬዛ አሸክማ ስትመጣ፣ ጤና ጣቢያው ሳይደርሱ ሕፃኑ መንገድ ላይ ሞቷል። ወርቂቱ ለዚያ ማቆያ ከማንም በላይ መጓጓት ነበረባት። ዛሬ ጠዋት ግን አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ፣ "አብሽሪ ዓባይ፣ እኔ ጋ ትኖሪያለሽ፤ መደቡን አሰፋልሻለሁ" አለቻት። ክርስቲያን ናት፤ ግን አብሽሪ የምትለውን ቃል ያህል የሚያጽናና ቃል ሌላ አታውቅም። ደግ ናት። ደግነቷ ነው ዓባይነሽን ይበልጥ ያስከፋት። በስተርጅና እንደገና የሰው ቤት። ጧት የሰው ኮቴ ሰምቶ መነሳት፣ ማታ የሰው ፊት አይቶ መተኛት።

መካነ ሰላም ሲደርሱ ድንኳኑ በሰው ሞልቷል። የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፤ የአበጋዝ ፎቶ ያለበት ሸራ በንፋሱ ይጮሃል። ቀሳውስቱም ሸሆቹም ከፊት ተቀምጠዋል። የዝግጅቱ አስተባባሪ በእውቀቱ፣ ክራባት ያሰረ ወጣት፣ እየሮጠ መጥቶ በሩን ከፈተላት።

"እትዬ፣ እንደ እህትነትዎ አጭር ንግግር ያደርጉልናል። ከልብ የመነጨ ቢሆን ደስ ይለናል።"

አበጋዝ ከሰው መሀል ወጥቶ መጣ። ኮቱ ሰፍቶታል። ካየችው ጥቂት ወር ነው፤ በዚያ ጥቂት ወር ውስጥ ፊቱ ወርዷል። ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ሳመ።

"እታለም፣ መጣሽልኝ?"

"መጣሁ ሐጂ።" ሰው ፊት ሁልጊዜ ሐጂ ነው የምትለው፤ አንቱም ትለዋለች።

"ደክሞኛል። ዛሬን ብቻ አልፌ ልተኛ።"

"ስለ ቤቱ ላነጋግርዎ ነበር።"

"የቱ ቤት?" አለ።

ከኋላው አንድ ሰው ክንዱን ያዘው፣ ሌላው እጁን ጨበጠው፤ እየዞረ እያያት ወሰዱት። ዓባይነሽ ቆማ ቀረች። የቱ ቤት። እንዲህ ነው ያላት። ወንበሯን ፈልጋ ተቀመጠችና የሻርፗን ቋጠሮ ጨበጠች።

ንግግሩ ረዘመ። ባለሥልጣን ተናገረ፣ ሐኪም ተናገረ፣ አንዱ ግጥም አነበበ። በመጨረሻ አበጋዝ ማይኩን ያዘ፤ ሰዉ አጨበጨበ፤ እሱ ጭብጨባውን በእጁ አበረደው።

"እኔ ንግግር አላውቅም" አለ። "የሰጠሁት ከመጽደቁ በፊት አንድ ነገር ይቅደም። ጀናዛ ላይ የሚጠየቀውን ዛሬ በቁሜ ልጠየቅ። ሸህ አዩብ ይጠይቁልኝ።"

ድንኳኑ አጉረመረመ። በዚያ አገር ሰው ሲሞት፣ ሬሳው ከመነሳቱ በፊት ሽማግሌ ቆሞ ይጠይቃል፤ "ከዚህ ሰው ላይ ሐቅ ያለው ይናገር፣ የሌለው አውፍ፣ ይቅር ብያለሁ፣ ይበል።" ያለው ይናገራል፣ የቀረው "አውፍ ብለናል" ይላል፤ ዘመድ መጨረሻ ላይ ይላል። ከዚያ ዱዓው ይደረግና መዳፍ ፊት ላይ ታብሶ ይዘጋል። ለቆመ ሰው ሲጠየቅ ግን ያየ የለም። ከዓባይነሽ ኋላ አንዲት ሴት "ሰውዬው ሊሞት ነው እንዴ?" ብላ አንሾካሾከች።

ሸህ አዩብ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። ነጭ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ተነሱ። "ከሞተ በኋላ ከሚጠየቅ በሕይወቱ ቢጠየቅ አይከፋም" አሉ። "ሐቅ ያለው ይናገር።"

ከኋላ አንድ ከሲታ ገበሬ ተነሳ፤ አራጌ ነኝ አለ።

"ድሮ አጅባር ገበያ አህያህ ገብሴን በልታብኛለች። አንተም እያየህ ዞር ብለሃል።"

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። አበጋዝም ፈገግ አለ። "አስታውሳለሁ፤ ዞር ብያለሁ። አውፍ በለኝ።"

"ብያለሁ። አህያይቱንም ጭምር።"

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቀለለ። ሰዉ በአንድ ድምፅ "አውፍ ብለናል" አለ፤ ቀሳውስቱም "እግዜር ይፍታህ" አሉ። ሸህ አዩብ ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ድንኳኑ ሁሉ መዳፉን ዘረጋ። "እህቱ ትበልና እንዘጋለን" አሉ።

በእውቀቱ ማይኩን አፏ ላይ አደረሰው። ዓባይነሽ ተነሳች። ልትል የተነሳችው አውፍ ነበር። ጅዳ ሳለች ለተባለችው ሁሉ "ሃድር" ስትል ኖራለች፤ ከዚያ ስትመለስም ያንኑ በአማርኛ "እሺ" ስትል ኖራለች፤ አውፍ ማለት ለእሷ አይከብዳትም። አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ሐቅ አለኝ።"

በእውቀቱ ማይኩን ሳብ አደረገው። "ተዋት!" አለ አበጋዝ።

"ያቺ አቀስታ ያለችው ቤት አማና ናት" አለች፤ ድምፅዋ በማጉያው አልፎ ከድንኳኑ ውጭ ሲሄድ ራሷን አስደነገጣት። "በስምህ ናት እንጂ ያንተ አይደለችም። ከሰጠኸው ጋር ሰጥተሃታል። ሰዎችህ መጥተው ለክተዋታል። የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ አበጋዝ።"

በሰው ፊት አንተ ብላው አታውቅም ነበር። አበጋዝ ባለበት ቆመ። አንድ ጊዜ በእውቀቱን አየ፣ አንድ ጊዜ እሷን።

"እውነቷን ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ወላሂ፣ ረስቼው ነው።"

ክዶኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር አለች ዓባይነሽ በልቧ፤ የካዱትን ሰው ቢያንስ ያስታውሱታል። አበጋዝ ግን አልጨረሰም ነበር። "ቤቷ ብቻ አይደለችም" አለ። "ነገሩ ሁሉ ከእሷ ብር ነው የተነሳው። ፋብሪካውም፣ ፎቁም። ሸህ፣ እሷ ያለችው ይሁን።"

ሸህ አዩብ ወደ እሷ ዞሩ። መዳፋቸው እንደተዘረጋ ነው። "እንግዲህ ፈራጇ አንቺ ነሽ ዓባይነሽ። ትሰጫለሽ ወይስ ትይዣለሽ?"

የድንኳኑ ዓይን ሁሉ እሷ ላይ አረፈ። ጠዋት ማሕፀን የመረቀ አገር አሁን ፊቱ ተለወጠ። "ነፍሰ ጡር ልታስወጣ ነው?" አለ አንዱ። "አረብ አገር ስስት ተምራ" አለች ሌላዋ፣ እንድትሰማት ጮክ አድርጋ። ዓባይነሽ መቀመጥ ብቻ ፈለገች።

"ፋብሪካውንም ፎቁንም አላውቃቸውም" አለች። "የሰጠኸው ይስመርልህ፤ አልነካብህም። ቤቴን ግን አልሰጥም። ምጥ የያዛት ብርድ ላይ ትደር ማለቴ አይደለም። ከዚያ ሁሉ ሀብት ላይ አንድ ቤት ይሠራላቸው፤ ይበቃል። እኔ ሌላ የለኝም። የሰው ቤት ሰልችቶኛል። ደክሞኛል።"

"አውፍስ?" አሉ ሸህ አዩብ፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር።

ቃሉን ልቧ ውስጥ ፈልጋ አጣችው። "አልመጣልኝም፣ ሸህ። በዱዓ ላይ ከምዋሽ ይቅርብኝ።"

"ደግ። ዱዓው ሳይዘጋ ይዋል።"

ሰዉ መዳፉን እንደዘረጋ ግራ ገባው። አንዳንዱ በልማድ ፊቱን አበሰ፣ አንዳንዱ አፍሮ እጁን ኪሱ ከተተ። ሊከፈት የተዘጋጀው ዘፈን አልተከፈተም። ዓባይነሽ ማይኩን ለበእውቀቱ መልሳ በወንበሮቹ መሀል ወጣች፤ መንገድ የለቀቀላት እንጂ የሸኛት አልነበረም።

ይሄነው ሞተሩን አስነሳ። መኪናዋ ገና ሳትንቀሳቀስ መስኮቱ ተንኳኳ። አበጋዝ ነው። አንድ ፌስታል ይዟል፤ በውስጡ መስገጃና የመድኃኒት ብልቃጦች ይታያሉ።

"እስከ ነገ ድረስ የኔ ናት አሉኝ፣ መኪናዋ" አለና ከጎኗ ገባ።

ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። በዚያች ትንሽ ከተማ ሲያልፉ የሆነው ሁሉ በስልክ ቀድሟቸው ደርሷል። ቆርቆሮ የለመኑት ሽማግሌ አይተው ፊታቸውን አዞሩ። ከሻይ ቤቱ ጥላ ሥር የነበረው ሰውዬ ግን ተነሳ፤ ቆቡን አንስቶ ሰላም አላት። ዓባይነሽ በምን ምክንያት እንደሆነ አልገባትም፤ ብቻ እጇን አነሳችለት።

"ወዴት ላድርስዎ፣ ሐጂ?" አለ ይሄነው አቀስታ ሲቃረቡ። አበጋዝ ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ። የመካነ ሰላሙን ግቢ ቁልፍ ጠዋት በሰው ፊት አስረክቧል። ሚስቱ ሞታለች። ልጆቹ ባሕር ማዶ ናቸው፤ ድርሻቸውን ከወሰዱ ወዲህ ስልካቸውም ቀንሷል።

በሯ ላይ ሲደርሱ ገና ብርሃን ነበር። አበጋዝ ወርዶ ችካሉን አየ። ፌስታሉን መሬት አስቀምጦ በሁለት እጁ ነቅነቅ አድርጎ ነቀለው፤ ሳል ያዘው፤ ቆየና አጥሩ ጥግ ሄዶ ሌላውንም ነቀለ። ዓባይነሽ ቋጠሮዋን ፈትታ በሩን ከፈተች። ዞር ስትል ደጃፉ ላይ፣ ከመድረኩ ወዲያ ቆሟል።

"እታለም፣ አንድ መኝታ አለሽ?"

"አንተ ሰውዬ፣ ሰው ሲሰጥ ለራሱ አንድ ጎጆ ያስቀራል። ምን ነክቶህ ነው?"

"አንቺ ጋ እሆናለሁ ብዬ ነበር።"

"የት? እዚህ? የሰጠኸው ቤት ውስጥ?"

"አልሰጠሁትም" አለ አበጋዝ። ልጅ ሳለ ከብት ሲጠፋበት ያሳየው የነበረውን ፊት አሳየ። "በስሜ ያለ ሁሉ አልኳቸው፤ እነሱም ስሜን እያዩ ለቀሙ። ይሄ በስሜ መሆኑን ነው የረሳሁት። ቁልፉን ከሰጠሁሽ ቀን ጀምሮ ያንቺ እንጂ የኔ ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። ጠዋት ስለ ቤቱ ስትይኝ የትኛውን እንደሆነ የጠፋኝ ለዚያ ነው።"

ዓባይነሽ የበሩን መቃን ያዘች። "ታዲያ ድንኳኑ ውስጥ ለምን አልተናገርክም?"

"በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንቺን አሳፍሬ ልጽደቅ? ሐቁ ደግሞ ያው ያንቺ ነው። ሳልጠይቅሽ ሰዎቼ ለክተውታል።"

ይሄነው መኪናዋ ውስጥ ሆኖ መብራቱን ሳያበራ ይጠብቃል። ወርቂቱ አጥሩ ላይ ብቅ አለችና፣ ሁኔታቸውን አይታ ተመለሰች። ዓባይነሽ የወንድሟን የሰፋ ኮት፣ ፌስታሉን፣ በጭቃ የተለወሱ እጆቹን አየች። እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም።

"አውፍ ብዬሃለሁ" አለች። "ከልቤ።"

አበጋዝ እጁን በኮቱ ጠረገ። ሁለት መዳፉን አንስቶ ቀስ ብሎ ከግንባሩ እስከ ጢሙ ፊቱን አበሰ። እሷም አበሰች። ከዚያ እግሩን ሊያስገባ ሲል በእጇ ከለከለችው።

"ጫማህን አውልቅ" አለችው። "የሰው ቤት ነው።"